የማክሰኞ ወረፋ

ጋሽ ገብረ መድህን የስኳር በሽታቸውን ሲራገሙ በአንድ ነገር ብቻ ይምሩት ነበር፤ ከሁሴኖ ጋር ያገናኛቸው እሱ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ በየወሩ ማክሰኞ፣ እሳቸው ከዲክሲስ፣ ሁሴኖ ከጢቾ እየመጡ፣ አሰላ ሐኪም ቤት አረንጓዴው ኮሪደር ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። ወረፋ ይባላል እንጂ ጨዋታ ነው። ለደም ምርመራ ምንም ሳይቀምሱ በመጡበት ሆድ ሁሴኖ በቅቤ ስለ ራሰ የገብስ ጭኮ ያወሩባቸዋል። "አንተ ሰው፣ ስኳሬን በወሬ ልትሰቅለው ነው?" ይሉ ነበር ገብረ መድህን። ስልክ አልተለዋወጡም። ቀጠሮ ያለው ሰው ስልክ ምን ያደርግለታል?

ዘንድሮ ግን ዲክሲስ ጤና ጣቢያ ሐኪሙ በስክሪን መጣ። ነርሷ ናዝሬት ጣት ትወጋለች፤ ዶክተር በእውቀቱ እዚያው አሰላ ሐኪም ቤት ተቀምጦ ውጤቱን እያየ ያናግራል። አገሩ እሰይ አለ። እውነትም እሰይ ነው፤ ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ ስንቱ በቃሬዛ ላይ ቀርቷል! ገብረ መድህንም አመሰገኑ። ማክሰኞ ሲመጣ ግን ደጅ ወጥተው የአሰላን መንገድ ያዩ ጀመር። ልጃቸው መሰረት ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሰላ ድረስ አታስኬዳቸውም።

ስለዚህ በስተርጅና ዋሹ።

"ልጄ፣ እግሬን ያቃጥለኛል። አሰላ መጥቼ ብታየኝ ይሻላል" አሉ ለስክሪኑ።

ዶክተሩ ካልሲያቸውን እንድታወልቅላቸው ናዝሬትን አዘዛት። ዐይናቸውን አስጨፍና እግራቸውን በቀጭን ክር ነካካች፤ የነካቻቸውን ቦታ ሁሉ አወቁ፤ ቁስልም የለ።

"አባባ፣ እግርዎ ከእኔ እግር ይሻላል" አለ ዶክተሩ።

ገብረ መድህን አቀረቀሩ። "ሰው ናፍቆኝ ነው" አሉ። "ሁሴኖ የሚባል የጢቾ ሰው። ጢቾ ይሄ ስክሪን ገና አልገባም አሉ። ካለ ዛሬ ማክሰኞም ከቀጠሮው አይቀርም። ይኑር አይኑር ግን አላውቅም።"

ዶክተሩ አልሳቀም። "እስቲ ይጠብቁኝ" ብሎ የሚያናግርበትን ስልክ ይዞ ተነሣ። ስክሪኑ ተናወጠ፤ በር ታየ፤ ከዚያ ያ አረንጓዴ ግድግዳ። ገብረ መድህን ኮሪደሩን ሲያዩ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ለካ ሰውን የሐኪም ቤት ግድግዳም ይናፍቀዋል!

"ሁሴኖ የሚባሉ አባት አሉ?"

ኮፊያ ያደረጉ ሽማግሌ ከአግዳሚው ላይ ቀና አሉ። ከስተዋል። ዶክተሩ ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠጋው።

"ሁሴኖ! እኔ ነኝ፣ ገብሬ!"

ሁሴኖ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። "ያ ረቢ! አንተ አልሞትክም?"

"ማን ሞተ አለህ?"

"ማን ይነግረኛል? ከዚህ ወንበር የጠፋ ሰው የት ይሄዳል? ቀጠሮ መጣ፣ ቀጠሮ ሄደ፣ አንተ የለህም። ቤትህን አላውቅ፣ ለቅሶ ልድረስ ብል ወዴት ልሂድ? በግ አርጄ ጎረቤት ጠርቼ ሰደቃ አወጣሁልህ። ሚስቴ 'ዘመድህ ነው ወይ?' አለችኝ።" ሁሴኖ በኮፊያቸው ዐይናቸውን ጠረጉ። "አዎ አልኳት።"

ገብረ መድህን በጉን አንስተው ሊቀልዱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቀልዱን ትተው ስክሪኑን በመዳፋቸው ዳበሱ። ናዝሬት ካልሲያቸውን እንደያዘች ቀረች።

"እመጣለሁ" አሉ በመጨረሻ። "መሰረት ብትፈልግ መንገድ ላይ ትተኛ። ስኳሬን እዚሁ ያዩልኛል፤ አንተን ግን እዚያው መጥቼ ነው የማቅፍህ።"