ለሁለቱም እኩል

«ኢድሪስ እኮ ፍትሕ ያውቅ ነበር» አሉ የሩቅያ ጎረቤት ወይዘሮ አልጣሽ፣ ምንጣፉ ላይ እግራቸውን ዘርግተው። «ለዳባቷ ሚስቱ ሻርፕ ከገዛ፣ ለደባርቋም ያንኑ ነበር። የኛው ሰውዬ አንዷንም በቅጡ አልያዘ!»

ለቀስተኛው ፈገግ አለ። ሩቅያ ግን አንገቷን ደፋች። ባሏ ኢድሪስ ከተቀበረ ወዲህ ሰው ፍትሑን ባነሳ ቁጥር ፊቷ እሳት ይሆናል። ከጎኗ የተቀመጠችው ጣውንቷ መዲና፣ የገፋ ሆዷን የሩቅያን በመሰለ ግራጫ ሻርፕ ሸፍናለች።

ካቻምና ኢድሪስ ጎንደር ሲታከም እሱና ሩቅያ ተመረመሩ፤ ኤች አይ ቪ በሁለቱም ደም ተገኘ። «ለመዲና ራሴ እነግራታለሁ፤ አንቺ ሸሽጊልኝ» አላት። ሸሸገችለት። ለመዲና አዝና አይደለም፣ የደባርቅን ሰው አፍ ፈርታ ነው። እሱም ሦስት ቀን እዚህ፣ ሦስት ቀን ዳባት ማደሩን አላዛነፈም። ዳባት ሲሄድ፣ መዲና እንዳታይበት መድኃኒቱን እዚህ ትቶት ነበር የሚሄደው። እንዲያ እያቆራረጠ ሞተ። ለሰው «ጉበቱ ነው» ተባለ።

መዲና ልትሄድ ተነሳች። ዳባት ገብታ ዒዳዋን፣ ባል የሞተባት ሴት ከቤት የምትቆይበትን ጊዜ፣ ልትቀመጥ ነው፤ እርጉዝ ናትና እስክትወልድ ከቤት አትወጣም። እስክትወልድ! ሩቅያ ክንዷን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻት። ከገብሱ ጆንያ ጀርባ የመድኃኒት ብልቃጧን አወጣች።

«ጉበት አልነበረም። ኤች አይ ቪ ነው። እኔም አለብኝ።»

መዲና ብልቃጡን አየችው፣ ሩቅያን አየቻት። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቃችሁት እትዬ?»

«ካቻምና።»

«ያኔ እኮ አላረገዝኩም ነበር።»

ሩቅያ የመዲናን ክንድ መልሳ ያዘች። «ልጁን የሚያድን መድኃኒት አለ። ዒዳ ከሐኪም አይከለክልም። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ልውሰድሽ።»

«በዚህ ሁሉ ሰው መሀል?»

«ይየኝ።»

መዲና አላለቀሰችም። ሻርፑን ከላይዋ ገፍፋ፣ አጥፋ፣ ሩቅያ እጅ ላይ አኖረችውና ወደ በሩ ሄደች።

ሩቅያም የራሷን ገፈፈች። ሁለቱን ሻርፖች ጆንያው ላይ ደራርባ ትታቸው፣ ብልቃጡን ሳትሸሽግ በእጇ እንደያዘች፣ በለቀስተኛው መሀል ተከተለቻት።