ደረጃ የሌለው ቤት

ጠጋ በሉማ ልጆቼ፣ እዚህ ጋ አረፍ በሉ። አንዲት ልብስ ሰፊ ባሏን በአንድ ጎን ደግፋ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እያስገባችው ነበር። በሌላው ጎን የያዘው ታላቅ ወንድሙ ነው፣ መካኒኩ። በነጻ እጁ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሏል፤ ውስጡ የወንድሙ ሄልሜት አለ።

ባልየው በሞተር ሳይክል ለየሱቁ ዳቦ የሚያደርስ ሰው ነው። ያን ጠዋት አንድ መኪና ድንገት ሲታጠፍበት ከነዳቦው አስፋልቱ ላይ ተዘረረ፤ እግሩም ክፉኛ ተጎዳ።

በሩ ላይ መካኒኩ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። "ስሚኝ እህቴ፣ ሞተር የምትል ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ። የጤና መድናችሁ የሞተር አደጋ አይሸፍንም። ጎረቤቴን እንዴት አድርገው እንደመለሱት በዓይኔ አይቻለሁ። ከደረጃ ወደቀ በያቸው፣ በቃ።"

"ጋሼ፣ እኛ ቤት ደረጃ የታለ?"

"ቤትሽን መጥተው ሊያዩ ነው እንዴ!"

ምን ታድርግ? መድኑ ካልከፈለ ያላት ንብረት የስፌት መኪናዋ ብቻ ናት። እሷ ከተሸጠች ደግሞ እግሩ እስኪድን ልጆቹ ምን ይበላሉ? እውነቱን ዋጥ አደረገችው።

ሐኪሟ ፊቷ ላይ ድካም የሚነበብ ወጣት ናት። "ምን ሆኖ ነው?"

"ከደረጃ ወድቆ ነው፣ ዶክተር።"

"ከስንተኛው?"

"ከሦስተኛው" አለች ሚስት። "ከአምስተኛው" አለ መካኒኩ፣ እኩል።

"ደረጃው እያደገ ነው" አለች ሐኪሟ። እግሩን ዳሰሰችው። "ራጅ ይነሳ። ከዚያ ጄሶ አድርገንለት ወደ ቤት ትወስዱታላችሁ።" ወደ ሌላ ታማሚ ዞረች።

ሚስት እፎይ ልትል ነበር። የባሏን እጅ ስትይዘው ግን ቀዝቅዟል፣ በላብ ርሷል። ሌላ ቀን ቢሆን "ዳቦዎቹስ ተረፉ?" ብሎ ያስቃት ነበር። አሁን ከንፈሩ ነጥቷል። ሌላው እጁም ሆዱን እንደያዘ ቀርቷል።

"ሆድህን ምን ሆንክ?"

"የሞተሩ መሪ ነው የመታኝ... ዝም በይ፣ ያልፋል።"

ሐኪሟ የምታውቀው ደረጃውን ነው። መሪውን ማን ይንገራት?

ብድግ ስትል መካኒኩ ክንዷን ያዛት። "አበድሽ? የስፌት መኪናሽን ልትሸጪ ነው?"

"ልቀቀኝ፣ ጋሼ። ፊቱን እየው እስቲ።"

አየው። እጁ ላላ።

ፌስታሉን ተቀብላ ሄልሜቱን ሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። መስታወቱ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ተጣብቆበታል።

"ቤታችን ደረጃ የለውም፣ ዶክተር። ሞተር ነው። መሪው ሆዱን መቶታል።"

ሐኪሟ ወደ አልጋው ሮጠች። ሆዱን በአልትራሳውንድ ስታየው ቆይታ ፊቷን ወደ ሚስት መለሰች። "ውስጥ ለውስጥ እየደማ ነው። አሁኑኑ ቀዶ ጥገና ይገባል። ቤት ወስዳችሁት ቢሆን ኖሮ..."

የቀዶ ጥገናው በር ሲዘጋ ሚስት ስልኳን አውጥታ፣ መኪናዋን ስትመኝባት ለኖረችው የሙያ ጓደኛዋ ደወለች። "መኪናዬን ነይና ውሰጃት" አለቻት። "ብቻ መርፌው ስር የሰው ቀሚስ አለ፤ እሱን ልጨርሰው።"

ባልየው ዛሬም አለ፤ ቀልዱም አለ። እናንተም ልጆቼ፣ የተጎዳ ሰው ይዛችሁ ሐኪም ፊት የቆማችሁ ቀን፣ ያንን ፍርፋሪ የነካው ሄልሜት አስታውሱልኝ።