እዚችው ናት

ዶን ፋውስቲኖ ከተራራ መንደራቸው ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ሊማ የወረዱት በሰባ ዓመታቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ልጃቸው ኔሊዳ በዚያው ቀን አንዲት አሮጊት ልትጦር ወደ ጣሊያን ትበራለች። ውሉ አምስት ዓመት ነው። የእሳቸው ልብ ደግሞ አምስት ዓመት እንደማያዘልቃቸው ሐኪሙ በጨዋ ቋንቋ ነግሯቸዋል። ለኔሊዳ አልነገሯትም።

«እስከ ስድስት ሰዓት አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ እጠብቅሃለሁ፣ አባዬ» ብላቸው ነበር በስልክ። «ከዚያ በኋላ ውስጥ ገባሁ ማለት ነው።»

ከአውቶብስ የወረዱት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ስለሆነ አልተጨነቁም። አምስት ሰዓት ካላቸው እኮ እሳቸው ሁለት ሸለቆ ተሻግረው፣ የጭነት ላማዎቻቸውን ውሃ አጠጥተው ይመለሳሉ!

«አውሮፕላን ማረፊያ ይሄዳል?» ብለው ጠየቁ፣ በሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥላ የምትጮኸውን ረዳት።

«ይሄዳል፣ ይሄዳል! ግቡ አባባ፣ ባዶ ነው!»

ባዶ የተባለው መኪና ውስጥ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ለልጃቸው የያዙትን አይብ ታቅፈው በመስኮት አዩ። ሰማዩ አመድ መስሏል፤ ደመናው ሞልቶ ጠብታ እንኳ አይወርድም። ሥራ ፈት ሰማይ ነው አሉ በሆዳቸው። ኮረብታው ሁሉ ቤት ለብሷል፣ ከየጣሪያው ያላለቀ ፌሮ ወጥቷል። ሰዉ ሁሉ ጡሩምባ ይነፋል፣ የሚንቀሳቀስ መኪና ግን የለም።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ረዳቷ ትከሻቸውን ነካ አደረገቻቸው። «አባባ፣ እዚህ ይውረዱና ተሻግረው ሌላ ይያዙ።»

«ይሄዳል ብለሽኝ አልነበር?»

«ይሄዳል እኮ! በዚያኛው በኩል ነዋ የሚሄደው።» ተሳፋሪው ሳቀ።

ጋዜጣ ሻጩ ቀጥ ብለው ይሂዱ አላቸው፤ ሄዱ። ጫማ ሰፊው ደግሞ አልፈውታል፣ ይመለሱ አላቸው፤ ተመለሱ። አላውቅም ያላቸው አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም አባባ ይላቸዋል፣ ሁሉም እጁን ዘርግቶ ያሳያል፣ እሳቸው ደግሞ ያው የወረዱበት ድልድይ ሥር ይመለሳሉ። አምስት ሰዓት ሆነ።

ድልድዩ ሥር የድርጭት እንቁላል ቀቅላ የምትሸጥ ባለ ሁለት ሹሩባ ሴት ነበረች። ሹሩባዋም አነጋገሯም የተራራ ሰው መሆኗን ይናገራል።

«የኔ እናት፣ አንቺ እንኳ እውነቱን ንገሪኝ። ሩቅ ነው?»

«ኧረ ምን ሩቅ አለው አባቴ! እዚችው ናት፣ ከዚያ ኮረብታ ጀርባ» አለች፣ በፈገግታ።

ዶን ፋውስቲኖ ቀዝቃዛ ውሃ የተደፋባቸው ያህል ክው አሉ። ይህ የራሳቸው መልስ ነው! ዕድሜ ልካቸውን መንደራቸው ለሚመጣ መንገደኛ ሁሉ የሚሰጡት። ተንኮል ሆኖ አይደለም። የደከመን ሰው ሩቅ ነው ብሎ ልቡን መስበር ደግ አይመስላቸውም። አንድ ጊዜ ሁለት ፈረንጆችን እዚችው ናት ብለው ሸኝተው፣ ሰዎቹ ሲመሽ ነው የደረሱት። ኔሊዳ ያኔ ልጅ ነበረች፤ በሳቅ ፈርሳ፣ «አባዬ እዚችው ናት ካለ ስንቅ ያዙ!» እያለች ለመንደሩ ስታወራ ከረመች።

ሌላ ሚኒባስ ያዙ። ይሄዳል ተባሉ። መኪናው ግን መቶ እርምጃ ሳይሄድ መንገዱ ተዘጋጋ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ስልካቸው ጮኸ።

«አባዬ! የት ደረስክ?»

በመስኮት አዩ። ግራጫ ሰማይ፣ ግራጫ ግንብ፣ ያላለቀ ቤት። ጠፍቻለሁ፣ ልጄ፣ ልሞት ነው፣ ሳላይሽ አትሂጂ ሊሏት ፈለጉ። ግን ልትሄድ የተነሳች ልጅ እንዴት ልቧ ይሰበር?

«ደርሻለሁ፣ የኔ ልጅ» አሉ። «እዚችው ናት። ከዚያ ኮረብታ ጀርባ።»

ከኔሊዳ ኋላ በድምጽ ማጉያ ተሳፋሪዎች ሲጠሩ ይሰማል። ያኔ ገባቸው፤ የዚህችን መልስ ትርጉም ከማንም በላይ የምታውቀው ልጃቸው መሆኗን ረስተው ነበር።

«አባዬ» አለች በመጨረሻ። «ስንቅ ይዘሃል?»

እጃቸው ጭናቸው ላይ ያለውን አይብ ዳበሰ።

«ይዣለሁ» አሉ።