ከሥር ያሉት ሦስቱ

ሦስቱን ከሥር፣ አምስቱን ከላይ። ሙዝ ሻጯ ፌስታሉን አንዴ ነቅነቅ አደረገችና ከሥር ያሉት በደንብ መሸፈናቸውን አይታ አፉን ቋጠረችው። ከጠዋት ጀምሮ የቋጠረችው አስራ ሁለተኛው መሆኑ ነው። በሽርጧ ኪስ ውስጥ ስልኩ እንደገና ነዘረ። ማን እንደሆነ ሳታይ ታውቃለች። ታናሽ ወንድሟ ነው። አምስት ጊዜ ደውሏል፤ አምስቴም አላነሳችለትም።

"አንሺው እንጂ! ኪስሽ ውስጥ የንብ ቀፎ ነው እንዴ የያዝሽው?" አለ አጠገቧ ያለው ሐብሐብ ሻጭ። ገበያው "በቢላዬ" ይለዋል፤ እውነተኛ ስሙን የጠየቀውም ያለ አይመስልም። ሐብሐቡን በቢላ ጫፍ ቦርቦር አድርጎ ቀዩን ለገዢ እያሳየ "በቢላዬ እምላለሁ፣ ማር ነው!" ማለት ልማዱ ነው።

"አንስቼስ ምን ልበለው?"

"እውነቱን ነዋ።"

ለሐብሐብ ሻጭ እውነት መናገር ቀላል ነው፤ በቢላ ይቆርጠዋል። ሙዝ ግን እንዲህ አይደለም። በዚህ ገበያ ማንም ሙዝ ከፍቶ አይሸጥም፤ ማንም ከፍቶ አይገዛም። ልጣጩ ቢጫ ከሆነ አለቀ፣ ቃሉ እሱ ነው። እሷም በቢላዬን ስትተርበው የኖረችው በዚሁ ነው። "ያንተ ሸቀጥ ምስክር ካልቆመለት አይታመንም" ትለዋለች።

ወንድሟ ባለፈው ዓመት የእርሻውን ግማሽ ነባር ሙዝ ነቅሎ አዲስ ዝርያ ተከለ። ችግኙን ያመጣው የግብርና ባለሙያ፣ ሙዙ ለዓይንና ለሕፃናት እድገት ከነባሩ በእጅጉ እንደሚሻል አስረድቶታል። ልጣጩ ያው ቢጫ ነው፤ ውስጡ ግን እንደ ካሮት የቀላ። ወንድምየው ሲያመነታ "ትከል! መሸጡን ለእኔ ተወው" ብላ ያስተከለችው እሷ ናት። ሙዝ ከማዕዱ በማይጠፋበት፣ ሕፃን ከጡት ቀጥሎ ሙዝ በሚቀምስበት ሰፈር የተሻለ ሙዝ ማን እምቢ ይላል ብላ ነበር።

ከሦስት ቀን በፊት የመጀመሪያው ምርት ሲደርስ "አዲስ ሙዝ! አዲስ!" እያለች ተጣራች። ሰው ግን "አዲስ" የሚለውን ሲሰማ እጁን ሰበሰበ። "ሙዝ ደግሞ ምን አዲስ አለው?" አለች አንዷ። "መርፌ ወግተውት ነው፤ በእኛ ሊሞክሩት" አለ ሌላው። ማንም ሳይነካው ዋለ። በቢላዬ ክምሩን እያየ፣ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ሙዝ ግን እያደር ይጠቁራል" ብሎ ሳቀባት። እሷ አልሳቀችም።

ትናንት ዘዴው መጣላት። ሌላው ሻጭ ከሥር የሚደብቀው የበሰበሰውን ነው፤ እሷ የተሻለውን፣ አዲሱን፣ ከነባሩ ሥር ብትደብቅ ምን ኃጢአት አለው? አንዴ ከቀመሱት ራሳቸው "ያንን አምጪ" እያሉ ይመጣሉ። እንዲህ አለች ለራሷ። ከትናንት ጀምሮ ግን ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፤ የተደረደረውን አፍርሳ መልሳ ትደረድራለች። ወንድሟ የቀን ሠራተኞች ቀጥሯል። ገበያው አልቀበል ካለ ዝናቡ ሳይጥል አዲሱን ነቅሎ ነባሩን ሊመልስ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ቃሏን ይጠብቃል።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የመንትዮቹ እናት መጣች። የስድስት ዓመት ደንበኛ ናት፤ ልጆቿ የመጀመሪያውን ምግብ የቀመሱት ከዚህች ሴት ሙዝ ነው። ዛሬ ዘንቢል አልያዘችም። በሶፍት የተጠቀለለ ነገር ሳጥኑ ላይ አስቀምጣ ፈታችው። ግማሹ የተበላ፣ ውስጡ የቀላ ሙዝ ነው።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ሙዝ ነው፣ የኔ እመቤት።"

"ሙዝነቱን አጣሁት? ውስጡን ነው የምልሽ። የትናንቱን ጠዋት አንደኛው በላ፣ ሌላው 'እማዬ፣ ቀለሙ!' ብሎ ጮኸ። ከአፋቸው ነጠቅኳቸው። እስካሁን ግንባራቸውን ስዳስስ ነው ያረፈድኩት።"

ብትጮህ በተሻለ። ድምፅዋ ግን ዝቅ ያለ ነበር።

"ምንም አይሆኑም! እንዲያውም ለዓይናቸው ጥሩ ነው። አዲስ ዝርያ ነው፣ የወንድሜ እርሻ ላይ የበቀለ። ዓይኔን ግን..."

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው" ልትል ነበር፤ በቀን አስር ጊዜ የምትምለው መሐላ ነው። ዛሬ ግን አልጨረሰችውም።

"ጥሩ ከሆነ" አለች የመንትዮቹ እናት፣ "ለምን ከሥር ደበቅሽው?"

በቢላዬ ሐብሐቡን መወልወል ትቶ ወደ እነሱ ዞረ። ሙዝ ሻጯ አፈረች፤ እስከ ጆሮዋ ድረስ አፈረች።

"ስድስት ዓመት ሳልፈትሽ ነው የወሰድኩት። አንቺ የቋጠርሽውን ፈትቼ አላውቅም። ለመሆኑ ራስሽ ቀምሰሽዋል?"

"ቀምሻለሁ።"

"እና?"

"የመጀመሪያ ቀን አልወደድኩትም" አለች፤ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። "እንደ ስኳር ድንች ድርቅ አለብኝ። በሁለተኛው ቀን ግማሹን በላሁ። በሦስተኛው ሳላስበው ሁለት ጨርሼ ልጣጩን እጄ ላይ አገኘሁት።"

የመንትዮቹ እናት ልትመልስላት ስትል አንድ የአውቶቡስ ሾፌር እየተጣደፈ መጥቶ በመሃላቸው እጁን ዘረጋ። "እትዬ፣ ከተቋጠረው አንዱን አቀብይኝ፤ ተሳፋሪ እየጮኸብኝ ነው።"

አስራ ሁለተኛው ፌስታል ከፊቷ አለ። ማንሳትና መስጠት ብቻ ነው። በኪሷ ውስጥ ስልኩ ነዘረ። የመንትዮቹ እናት የሙዝ ሻጯን እጅ እያየች ነበር።

"ቆይ፣ ወንድሜ" አለችና ቋጠሮውን ፈታችው። "በቢላዬ፣ እስቲ ቢላህን አውሰኝ።"

"ለሙዝ?!"

"አምጣው አልኩህ!"

ከሥር ካሉት ሦስቱ አንዱን አወጣችና ከነልጣጩ ለሁለት ሰነጠቀችው። ቀላ ያለው ውስጡ ፀሐይ ላይ ወጣ። "ይኸውልህ፤ ሦስቱ እንዲህ ናቸው። አዲስ ዝርያ ነው። ጣዕሙ ትንሽ ይለያል፣ ጥቅሙ ይበልጣል ብለውኛል። ከፈለግክ ይኸው፤ ካልፈለግክ በነባሩ ልተካልህ።"

ሾፌሩ ሙዙን አየ፣ እሷን አየ፣ ሰዓቱን አየ። "ነባሩን" አለ።

ሦስቱንም በነባር ተካችለት። ከዚያ የቀሩትን ፌስታሎች አንድ በአንድ እየፈታች አዲሱን በአንድ ወገን፣ ነባሩን በሌላ ወገን ትለይ ጀመር። የተሸጡትን መመለስ አይቻልም፤ ነገ በሶፍት ጠቅልለው የሚመጡትን ቆማ ትጠብቃቸዋለች። ስልኩ ሲጠራ በሌላ እጇ አነሳችው።

"እትዬ! በሕይወት አለሽ? ሠራተኞቹ ቆመው ይጠብቁኛል። ሰው እምቢ አለ አይደል?"

"አንድ ሰው እምቢ አለ።"

"አንድ ብቻ? ሌሎቹስ?"

"ሌሎቹ ገና አላዩትም። እኔ ነኝ የደበቅኩት።"

 "እትዬ፣ ክረምቱ እኔን አይጠብቅም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ልንቀለው?"

የመንትዮቹ እናት ከተሰነጠቀው አንዱን ግማሽ አንስታ እያሸተተች ነበር። አልቀመሰችውም። ግን አላስቀመጠችውም፤ በያዘችው ሶፍት ጠቀለለችውና "ለልጆቹ አይደለም፣ ለራሴ ነው" ብላ ምንም ሳትገዛ ሄደች።

"አትንቀለው" አለች ሙዝ ሻጯ። "ዘንድሮ ባይሸጥ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከነባሩ ትርፌ እያካፈልኩህ አብረን እንከርማለን። የነገውን ለብቻው ጫነው። ከላይ ነው የምደረድረው።"

ስልኩን ዘጋችና ሌላ ሙዝ አንስታ ሰነጠቀች። በቢላዬ እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ አንዲት ገዢ ሐብሐቡን እያንኳኳች ትጠብቀዋለች።

"ቢላዬን!"

"ዛሬ እኔ ጋ ይዋል" አለችው፤ "አንተ ዛሬን በሌላ ነገር ማል።"