አንድ፣ ሁለት

«አንድ፣ ሁለት… ሄሎ፣ ሄሎ… አንድ፣ ሁለት…»

ባዶው አዳራሽ መልሶ ጮኸበት። ሰውየው ማይኩን አስቀምጦ ከመድረኩ ወረደና በደረቱ ተኝቶ ከእንጨቱ ወለል ስር ገባ። በስልኩ መብራት ሲፈልግ የተላጠውን ገመድ አገኘው፤ አይጥ ቀምሳዋለች። ፕላስተሩን በጥርሱ ቆርጦ እየጠቀለለ ሳለ ስልኩ እጁ ላይ መጮኽ ጀመረ። እሁድ ነው፣ ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል።

አላነሳውም። ማን እንደሆነ ያውቃል። በሥራ ቀናት ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ አለቃው ደግሞ እሁድ የሚባለው ቀን ካላንደር ላይ የታተመው ለጌጥ ይመስለዋል።

እሁድ እሁድ የዚህ ጉባኤ የድምፅ ሠራተኛ ነው፤ ስምንት ዓመቱ። ደመወዝ የለውም። ማይኩ ደህና ሲሆን መኖሩን የሚያስታውስ የለም፤ ማይኩ ሲጮህ ግን ሁለት መቶ አንገት ወደ ኋላ ዞሮ ያፈጥበታል። የጉባኤው ልጆች ስሙን አያውቁትም። በር ላይ ሲያዩት «አንድ-ሁለት መጣ!» ይላሉ፤ ትልልቆቹም ከልጆቹ ተቀብለው አንድ-ሁለት ይሉታል። ለምዶት ኖሮ በቀደም ለት ባንክ ቤት በትክክለኛ ስሙ ሲጠሩት ሌላ ሰው መስሎት ተራው አለፈው።

ዛሬ ግን ቆርጦ ነው የመጣው። የድምፅ ማሽኑን ያዘጋጃል፣ ገመዱን ያስተካክላል፤ ከዚያ በኋላ እንኳን ማይክ ሊበላሽ ጣሪያው ቢደረመስ ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም።

ነገሩ የመጣው ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። እናቱ ከእሱና ከባለቤቱ ጋር ነው የምትኖረው። ከወደቀች ወዲህ ዳሌዋ አልድን ብሎ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ነገ ሰኞ ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል። ይህን ሁሉ ጊዜ እሱ እሁድ ከአዳራሹ ሲመለስ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ትጠብቀዋለች።

«ዛሬ ምን ተሰበከ?»

«ጥሩ ነበር፣ እማዬ።»

«ምኑ ነው ጥሩ?»

«ድምፁ። ኩልል ያለ ነበር።»

«ስለ ድምፁ ማን ጠየቀህ?»

እሱም ይስቃል፤ እሷም ትስቃለች፤ ነገሩ በዚያው ያልፋል። ትናንት ግን አላለፈም። ባለቤቱ ለሆስፒታሉ ልብስ እያጣጠፈች ሳለ እናቱ እጁን ያዘችው። «ሰኞ ሊከፍቱኝ ነው። ልጄ ሆነህ አንዴ ጸልይልኝ» አለችው።

ዓይኑን ጨፈነ። ጉሮሮውን ጠረገ። አፉን ሲከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሄሎ… አንድ፣ ሁለት…»

እናቱ አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ባለቤቱ ፊቷን በታጠፈው ልብስ ሸፈነች። እሱም ሳቀ። ከዚያ እናቱ ዓይኗን ጠራርጋ በደንብ አየችው።

«ከጌታ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገራችሁት መቼ ነው?»

ሊያስታውስ ሞከረ። ወደ ኋላ ሄዶ ሄዶ ባለቤቱ ምጥ ላይ የነበረችበትን ቀን አገኘ። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፎ የጸለየው ትዝ አለው። ያቺ የተወለደችው ልጅ አሁን ሁለተኛ ክፍል ናት። አፈረ። ከእፍረቱም በላይ ፈራ፤ እናቱ ሰኞ ብትሞት እንኳ የሚጸልይበት አፍ የለውም።

«እኔ ለራሴ አልፈራም» አለች እናቱ። «የማርፍበትን አውቀዋለሁ። የምፈራው ላንተ ነው። ነገ እሁድ አዳራሹ ውሰዱኝ፤ አንተም አጠገቤ ትቀመጣለህ።»

«እማዬ፣ ማሽኑን ማን—»

«ማሽኑ አልወለደህም!»

በዚህ አለቀ።

አሁን ገመዱን ጠቅልሎ ጨርሶ ከወለሉ ስር ሲወጣ ከፊቱ የተወለወለ ጥቁር ጫማ ቆሟል። ሽማግሌው ናቸው፤ የጉባኤው የፕሮግራም ኃላፊ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር። ዛሬም ሰው ሁሉ ተማሪያቸው ይመስላቸዋል።

«በስልክ የነገርከኝ ቀልድ ነው አይደል?»

«ቀልድ አይደለም፣ ጋሼ። ዛሬ እቀመጣለሁ።»

«እንግዳ ሰባኪ በመጣበት ቀን?»

«ባለፈው ሳምንት ኮንፈረንስ ነበር። ከዚያ በፊት ሰርግ። እንግዳ የማይመጣበት እሁድ የቱ ነው?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ይህን የሚያደርጉት ሊቆጡ ሲሉ ነው።

«ይሄም አገልግሎት ነው፣ ልጄ። የምትሠራው ለእግዚአብሔር ነው።»

«ለእግዚአብሔር እየሠራሁ እግዚአብሔርን ካገኘሁት ስምንት ዓመቴ!» ድምፁ ከሚፈልገው በላይ ወጣ፤ ባዶው አዳራሽ ተቀብሎ አስተጋባው። «ያለፈው እሁድ ሰባኪ ማይኩን አፉ ውስጥ ከትቶ እንደሚተነፍስ ልነግርዎ እችላለሁ። የቀኙ ስፒከር ስንቴ እንደተንኮሻኮሸ ልነግርዎ እችላለሁ። ሰውየው ምን እንዳለ ግን አንዲት ቃል አላውቅም።»

«ታዲያ እኔ ይህን ማሽን አውቀዋለሁ?»

«ይምጡ፣ ላሳይዎ።»

ወደ ድምፅ ክፍሉ ወሰዳቸው፤ ከአዳራሹ ጀርባ ያለች፣ በመስታወት የተከለለች ጠባብ ክፍል። ቁልፎቹ ላይ ባለቀለም ወረቀት ለጥፏል።

«ቀይ ያለበትን አይንኩ። አረንጓዴውን ድምፅ ሲያንስ ወደ ላይ፣ ሲጮህ ወደ ታች። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«ሌላስ?»

«ሌላው ጸሎት ነው።»

ሽማግሌው አልሳቁም። ወንበሩ ላይ ግን ተቀመጡና ቀዩን ወረቀት እንደ ጠላት ያፈጡበት ጀመር።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። በዚህ ጊዜ አነሳው።

«ስማ» አለ አለቃው፣ ደህና አደርክም የለ፤ «የሆቴሉ ሁለተኛው ሊፍት ቆሟል።»

«ሰው ውስጡ ቀርቷል?»

«አልቀረም።»

«የመጀመሪያው ይሠራል?»

«ይሠራል። ግን እንግዶቹ እየተሰለፉ ነው።»

«ተረኛው የት ሄደ?»

«በመንገድ ላይ ነው፤ አንተ ትፈጥናለህ ብዬ ነው።»

«እንግዲያው ተረኛው እስኪደርስ በደረጃ ይውጡ። ለጤናም ጥሩ ነው።»

አለቃው እንዲህ ሲመለስለት የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«ለቤተ ክርስቲያን ብለህ ነው በሥራህ የምትጫወተው?»

«ለጌታ ብዬ ነው፣ አለቃ። ቤተ ክርስቲያኑንማ አሁን እምቢ ብዬው መጣሁ።»

«ነገ በጠዋት ቢሮዬ እንገናኝ!»

«ነገ የእናቴ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ፈቃዴን እርስዎ ነዎት የፈረሙት። ማክሰኞ እመጣለሁ።»

ስልኩን ዘጋው። ማክሰኞ ሥራ ይኑረው አይኑረው አያውቅም፤ ቢሆንም የገባበት ገብቷል፤ አይመለስም።

ሦስት ሰዓት ላይ ባለቤቱ እናቱን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች መጣች። ትንሿ ልጃቸው ወደ ልጆቹ ክፍል ሮጠች። ሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አንድ-ሁለት ነገሩ ሁሉ እንግዳ ሆነበት። ስምንት ዓመት ሙሉ የዚህን ሕዝብ ማጅራት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ዛሬ ሰዎች ፊት ለፊት እያዩ ሰላም ሲሉት ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ተቸገረ።

መዝሙር ተጀመረ። ጆሮው ግን ወዲያው ሥራ ገባ፤ ከበሮው በዝቷል፣ የሴቶቹ ድምፅ ተውጧል፣ የግራው ስፒከር ይነዝራል። ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ቁልፍ ሲገፉ እናቱ አየችና እጁን ቸብ አደረገችው።

«እጅህን አሳርፍ።»

«በዝቶ ነው እኮ፣ እማዬ።»

«ይብዛ። አንተ ዘምር።»

ዘመረ። ድምፁ እንደዛገ የበር ማጠፊያ ሲጥሲጥ ይል ነበር፤ ግድ አልሰጠውም።

እንግዳው ሰባኪ አጭር፣ ወፈር ያለ ሰው ነው። ማይኩን ይዞ ገና ሦስት ዓረፍተ ነገር እንደተናገረ ድምፁ ጥፍት አለ። ማይኩን መታ መታ አደረገው። ምንም የለም።

አንድ-ሁለት ምን እንደሆነ ሳይነግሩት ያውቃል፤ ባትሪ ነው። ጠዋት ገመድ ሲያሳድድ ባትሪውን ረስቶታል። ሁለት መቶ አንገት ወደ ኋላ ዞረ፤ ከመስታወቱ ጀርባ ሽማግሌው እጃቸውን እያወናጨፉ ሦስተኛውን ረድፍ ያመለክታሉ። አንገቶቹ ተመልሰው እሱ ላይ አረፉ። ሁለት ቅያሪ ባትሪዎች የደረት ኪሱ ውስጥ ናቸው፤ እሁድ እሁድ ከዚያ ኪስ ጠፍተው አያውቁም።

ፊቱ ነደደ። እግሮቹ ለመነሳት ተዘጋጁ። ስምንት ዓመት የተለማመዱት ይህንኑ ነው።

«አንተን እኮ ነው የሚያዩህ» አለች ባለቤቱ በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ።»

ባትሪዎቹን አወጣና አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው ሰጠው። «አቀብለው» አለና ወንበሩ ላይ ተደላደለ። ባትሪዎቹ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ወደ መድረኩ ጉዞ ጀመሩ። አንድ-ሁለት መነሳት እንዳልፈለገ የገባቸው ገባቸው፤ ያልገባቸው አጉረመረሙ። እሱ ቀና ብሎ ወደ ፊት ብቻ አየ።

ሰባኪው ግን ባትሪ አልጠበቀም። ማይኩን ወንበር ላይ ጣለና ከመድረኩ ወርዶ መሐል መተላለፊያው ላይ ቆመ። «ቀረብ በሉ» አለ፤ የኋላዎቹ ወንበራቸውን እየጎተቱ ቀረቡ። አዳራሹ እንዲህ ጸጥ ሲል አንድ-ሁለት ሰምቶ አያውቅም። ሰውየው በባዶ ድምፁ ማውራት ጀመረ። እግዚአብሔር ሰውን በሥራው አይጠራውም አለ፤ በማዕረጉም፣ ሰው ባወጣለት ቅጽል ስምም አይጠራውም። በስሙ ነው የሚጠራው። ችግሩ እኛ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስለናል አለ።

አንድ-ሁለት ባንክ ቤቱ ትዝ አለው። ተራው ያለፈው እዚያ ብቻ እንዳልሆነ ገባው። ሰባኪው የሚለውን ሁሉ አንዲት ቃል ሳታመልጠው ሰማ፤ ዛሬ ቤት ሲገቡ እናቱ ብትጠይቀው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነግራታል።

«አሁን አጠገባችሁ ላለው ሰው ጸልዩ» አለ ሰባኪው።

እናቱ እጁን አንስታ በታመመው ዳሌዋ ላይ አስቀመጠችውና ዓይኗን ጨፈነች። እሱም ጨፈነ። ጉሮሮውን ጠረገ። ምላሱ ታሰረ። ዙሪያው ሰው ሁሉ ይጸልያል።

«ትናንት ሁለት ላይ ነው ያቆምከው» አለች እናቱ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ከዚያ ቀጥል።»

ሳቅ አመለጠው፤ ከሳቁ ጋር እንባው መጣ።

«ጌታ ሆይ» አለ፣ «እኔ ነኝ።» ስሙንም ጠራ፤ ሙሉ ስሙን፣ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ።

«ያውቅሃል» አለች እናቱ። «ወደ ዳሌዬ ግባ።»

ስለ ዳሌዋ ጸለየ። ስለ ሐኪሙ እጅ ጸለየ። ከዚያ ሳያስበው ስለ ራሱ ጀመረ፤ ስለ ስምንቱ ዓመት፣ ስለ ማክሰኞ፣ ከቤት እስከ ሥራ ቦታ ሲሮጥ ከልቡ ላይ ስለጣለው ነገር። ቃሉ እየተንተባተበ ነበር፤ ሆኖም አላቋረጠም። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነዘረው፤ ተወው። በዚህ መሀል መድረኩ ላይ ተቀምጠው የቆዩትን ባትሪዎች አንድ ሰው ማይኩ ውስጥ ከተታቸው፣ ሽማግሌውም ከኋላ ቁልፉን እስከ ጥግ ገፉት፤ ስፒከሮቹ አንድ ላይ እሪ አሉ። ሕዝቡ ጆሮውን ያዘ።

«ኧረ ይጮሃል!» አለች ባለቤቱ ትከሻውን እየነካች።

«ይጩህ» አላትና ጸሎቱን ቀጠለ።