አሥራ አራተኛው ካርድ

እኔ ሰው መለመን አልወድም። ይሄን ልጄም ታውቃለች፣ ጎረቤትም ያውቃል፣ ፀጉሬን የሚያስተካክለኝ ሰውዬም ያውቃል። ሃያ ስድስት ዓመት የሳሙና ፋብሪካ ቦይለር ሳንቀሳቅስ ማንንም «እባክህ» ብዬ አላውቅም። ቦይለር አይለመንም። ውሃውን ታያለህ፣ ግፊቱን ታያለህ፣ እሳቱን ትቀንሳለህ ወይ ትጨምራለህ፣ አለቀ! ሰዎች «እሳቱ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ለሥራዬ ይሁን ለጠባዬ ጠይቄ አላውቅም።

ፋብሪካው ሲዘጋ ሁላችንም በአንድ ቀን ተበተንን። ይኸው አምስት ወር አለፈው። ሥራ ከመፍታቴ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ካርዴ ነው። የቦይለር ኦፕሬተር የብቃት ካርድ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል፤ ለማሳደስ ደግሞ «ይህ ሰው ቦይለር ላይ እየሠራ ነው» የሚል የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የግድ ነው። ደብዳቤ የሌለው ሰው ካርዱ ይሰረዛል፣ ከዚያ እንደ አዲስ ሁለት ዓመት ተምሮ መፈተን አለበት። በሃምሳ አራት ዓመቴ ማን ነው ተማሪ ብሎ የሚቀበለኝ? የኔ ካርድ የሚያልቀው በወሩ መጨረሻ ነበር። ሌላ ሙያ የለኝም። ልማር ብልስ በዚህ ጠባዬ ማን ይችለኛል!

ልጄ የክሊኒክ ስልክ ተቀባይ ናት። አንድ ማታ እራት ላይ፣ «አባዬ፣ ቅዳሜ ትልቁ አዳራሽ የሥራ ዐውደ ርዕይ አለ። አርባ መሥሪያ ቤት ይመጣል። ትሄዳለህ» አለችኝ።

«የከብት ገበያ መሰለሽ?» አልኳት።

«አዎ። ጥርስህን ቦርሸህ ሂድ።»

ምላሷ የእናቷ ነው። ሲቪዬን በአንድ ገጽ ጽፋ ሃያ ኮፒ አዘጋጀችልኝ፣ መመሪያም ሰጠችኝ። ሲቪ እሰጣለሁ፤ የሰዎቹን አድራሻ ካርድ እቀበላለሁ፤ ሳልረሳው ከካርዱ ጀርባ ምን እንዳወራን እጽፋለሁ፤ በሁለተኛው ቀን እደውላለሁ። «ሰው የሚቀጥረው የሚያስታውሰውን ነው» አለችኝ። «አንተ ደግሞ ካልደወልክ ማንም አያስታውስህም። ከጮህክ ግን ሁሉም ያስታውስሃል፣ እሱንም እንዳትሞክረው።»

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ሁሉም ወጣት ነው፣ ሁሉም ከወንድሙ የተዋሰውን ኮት ለብሷል። አንዷ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች ልጅ ፈገግ ብላ፣ «ጋሼ፣ ልጅዎን ይዘው ነው የመጡት?» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ግን ዋጥ አደረግኩትና «ራሴን ይዤ ነው የመጣሁት» ብዬ ሲቪዬን ሰጠኋት። ሳቀች፤ ካርዷንም ሰጠችኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አሥራ ሦስት ካርድ ሰበሰብኩ። ከየጀርባቸው እንደ ፈረቃ መዝገብ አድርጌ ጻፍኩባቸው፦ የወተት ፋብሪካ፣ ሁለት ቦይለር፣ ሰውየው ጥድፊያ ያበዛል፤ የቀለም ፋብሪካ፣ ሴትየዋ ጨዋ ናት፣ ስለ ሥራው ግን ምንም አታውቅም።

ልወጣ ስል ጥግ ላይ የአንድ ልብስ ማጠቢያ ድርጅት ጠረጴዛ አየሁ። የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ የሚያጥቡ ናቸው፤ እንፋሎት ያለ ቦይለር ከየት ይመጣል ብዬ ሲቪዬን መዝዤ ቀረብኩ። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሰው ቀና ሲል ሲቪዬን መልሼ ልከት ቃጣኝ።

ዝምተኛው ነበር። ሳሙና ፋብሪካ አብረን ሠርተናል፤ በቀን አሥር ቃል የማይናገር ሰው ስለነበር ስሙን ያወጣንለት እኛው ነን። ከተያየን ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል። ሰላም አላለኝም። ሲቪዬን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ ገልብጦ ባዶውን ጀርባ እንኳ አየው። ከዚያ ካርድ አወጣና በእጄ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ።

«ኦፕሬተር እንፈልጋለን። ደውል» አለ።

አንስቼ በሌላኛው ኪሴ ከተትኩት። ከጀርባው ምንም አልጻፍኩበትም።

በሁለተኛው ቀን ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ አሥራ ሦስቱን ካርድ በተራ ደረደረችልኝና መደወል ጀመርኩ። አይ ስልክ! የመጀመሪያው «ሲቪዎን ፋይል ውስጥ አስገብተነዋል» አለኝ፤ ፋይል ማለት መቃብር መሆኑን ያኔ አላወቅኩም። የቀለም ፋብሪካዋ ጨዋ ሴትዮ ቦይለር እንደሌላቸው ጠይቃ ነገረችኝ። የወተት ፋብሪካው ሰውዬ ሐሙስ ደውል አለኝ፤ ሐሙስ ስደውል ማክሰኞ አለኝ፤ ማክሰኞ ስደውል ዕረፍት ወጥቷል ተባልኩ። አራቱ የውሃ ሽታ ሆኑ፤ ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። አንዱ ዕድሜዬን ጠይቆ ሲያበቃ «እንደውልልዎታለን» ቢለኝ፣ «መቼ? ቀብሬ ላይ?» ብዬ ጮህኩበት።

ልጄ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። «አባዬ፣ እኔ በቀን ሁለት መቶ ሰው አናግራለሁ። የጮኸብኝን ሰው የት እንደማስገባው ታውቃለህ?»

«የት?»

«ወረፋው ጭራ ላይ።»

ከዚያ በኋላ ጥርሴን ነክሼ በትሕትና ደወልኩ። የምስጋና መልእክትም ላክሁ፣ እሷ እየጻፈችልኝ። ሁለት ቦታ ሄጄ አናገሩኝ፤ ሁለቱም ሌላ ሰው ቀጠሩ። የወሩ መጨረሻ ስድስት ቀን ቀረው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልጄ ኮቴን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ካርዱን አገኘችው። «ልብስ ማጠቢያ፣ የቴክኒክ ኃላፊ… አባዬ፣ ይሄ ከየት መጣ? ከጀርባው ምንም አልጻፍክም።»

«ተይው እሱን።»

«ደውለህለታል?»

«ተይው አልኩሽ እኮ!»

ጩኸቴ ራሴንም አስደነገጠኝ። እሷ ግን ኮቱን አልጋው ላይ አስቀምጣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ለሰው ያልነገርኩትን ነገር ነገርኳት።

ዝምተኛውና እኔ ፈረቃ እንለዋወጥ ነበር። ደንቡ ቀላል ነው፤ ጠዋት የሚገባው ያየውን መዝገብ ላይ ይጽፋል፣ ፈርሞ ይረከባል። አንድ ጠዋት ገባሁ። ቦይለር ክፍል ጩኸቱ አያድርስ ነው። ዝምተኛው ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ውሃ የሚገፋውን ፓምፕ ተደግፎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ሁለት ጊዜ ጠራሁት፤ አልሰማኝም። ቱግ አልኩ። እሳት እየነደደ ይተኛል? በቀጥታ መዝገቡን አንስቼ «ተረኛውን ተኝቶ አገኘሁት» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ቦይለር ላይ የተኛ ሰው ሁሉንም ሊያፈነዳ ይችላል፤ ስለዚህ በዚያው ሳምንት ከቦይለር አንስተው መጋዘን ጠባቂ አደረጉት። አልተኛሁም ብሎ አንድ ጊዜ ተናገረ፣ ሁለተኛ አልደገመውም። በዓመቱ ለቆ ሄደ።

«ተኝቶ ነበር?» አለችኝ ልጄ።

«አልተኛም። በሦስተኛው ቀን የፓምፑ ኩሽኔታ ተሰበረ። ኩሽኔታ ሊሰበር ሲል ድምፁ ይለወጣል። ድምፁን ለመስማት ካቻቢቴውን ፓምፑ ላይ ተክለሽ እጀታውን ጆሮሽ ላይ ታደርጊያለሽ፤ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ። እኔ ራሴ ሺህ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ካቻቢቴው በወዲያኛው ጆሮው በኩል ስለነበር አልታየኝም እንጂ እያዳመጠ ነበር።»

«ሲሰበር ገባህ ማለት ነው።»

«ወዲያው።»

«ታዲያ መዝገቡን ለምን አላስተካከልከውም?»

«እሳቱ ተሳሳተ እንዳይባል» አልኳት። አፍሬ ነው። ያን ዕለት አፈርኩ፣ በማግስቱ የበለጠ አፈርኩ፣ ከዚያ ዝም ማለት ቀለለኝ። አሥር ዓመት ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥኩ። ልጄ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ካርዱን ከስልኩ አጠገብ አስቀምጣ ኮቴን ይዛ ወጣች።

ደወልኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«አወቅኩህ።»

«ስለ ሥራው ነው። ግን በፊት… ያን ዕለት አልተኛህም ነበር።»

«እንዳልተኛሁማ አውቃለሁ» አለኝ።

«እኔም አውቅ ነበር። ኩሽኔታው ከተሰበረበት ቀን ጀምሮ።»

«ነገ ሦስት ሰዓት ና» አለና ዘጋው።

በማግስቱ ቢሮው ገባሁ። ጠባብ ክፍል ናት፤ ግድግዳው ላይ የፓምፕ ሥዕሎች ተለጥፈዋል፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የተፈታ ቫልቭ አለ። ተቀመጥ አለኝ። እንዲህ ብዙ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«አባቴ ቦይለር ላይ ሠርቶ ነው ጡረታ የወጣው» አለኝ። «ሚስቴ አመነችኝ፣ ጓደኞቼ አመኑኝ። እሱን ግን አልተኛሁም ስለው ‹ልጄ፣ መዝገብ አይዋሽም› አለኝ። እንደዚያ እንዳለ ሞተ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ለሞተ ሰው ምን ይጠራለታል? ወለሉን ወለሉን አየሁ።

«ሁለት ሳምንት ጠበቅኩህ» አለ ቀጥሎ። «ሥራህን ስለማውቀው ቦታውን ይዤልህ ነበር። አልደወልክም። ማክሰኞ ሰው ገባበት።»

በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው በራሷ አሳጠረች ማለት ይሄ ነው። በሁለተኛው ቀን ብደውል ኖሮ ኦፕሬተር ነበርኩ።

«አሁን ያለኝ የረዳት ቦታ ነው። በኔ ሥር» አለኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት ኦፕሬተር ሆኜ ረዳት! ልክ እንደ ድሮው ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ካርዴ ሊያልቅ አምስት ቀን ነው የቀረው ብዬ መልሼ ዘጋሁት።

«ረዳት ብሆን ለካርዱ ደብዳቤ ይጻፍልኛል?»

«ይጻፋል። ረዳትም ቦይለር ላይ ነው የሚሠራው።»

«እሺ።»

ያኔውኑ ጻፈው። ፈረመ፣ ማህተም መታበት፣ ሰጠኝ። ወረቀቱን አጥፌ የደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ቦይለሩን ላሳይህ ብሎ ይዞኝ ወጣ። ማጠቢያ ክፍሉን አልፈን ስንሄድ፣ ሴቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው አንሶላ ለትልቁ የእንፋሎት ካውያ ያቀብላሉ፤ ማሽኖቹ ይጮኻሉ፣ ወለሉ ሁሉ ይነዝራል። ልቤ ቀሎኝ ነበር። እንዲያውም ደፈር አልኩና ከኋላው ጠጋ ብዬ፣ «እንግዲህ ይቅር አልከኝ ማለት ነው?» አልኩት።

ዞረ። «ሥራ ጠየቅከኝ፣ ሥራ ሰጠሁህ። ይቅርታ መቼ ጠየቅከኝ?»

ቆሜ ቀረሁ። የተናገርኩትን አንድ በአንድ አሰብኩ። አልተኛህም ነበር ብያለሁ። አውቅ ነበር ብያለሁ። ስለ ደብዳቤው ጠይቄያለሁ። ያቺን አንዷን ቃል በስልክም አላልኳት፣ ቢሮም አላልኳት።

«ይቅርታ» አልኩት።

መዳፉን ጆሮው ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ከማሽኑ ጩኸት የተነሳ አልሰማኝም፣ ወይም ሰምቶኝ ይሆናል፣ እኔ እንጃ።

«ይቅርታ አድርግልኝ!» ብዬ ጮህኩ። «አልተኛህም ነበር! እኔ ነኝ በሐሰት የጻፍኩብህ!»

ሴቶቹ አንሶላውን እንደያዙ ዞረው አዩኝ። አንዷ ማሽኑን አጠፋችው። ዝምተኛው እነሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

«ሰኞ አንድ ሰዓት ግባ» አለኝ።