ኦላናን ፍለጋ

አቶ ሁንዴ በወጣትነታቸው አቃቂ ባለ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠሩ የሸሚዛቸውን እጅጌ ማሽን ያዘው። ከኋላ አንድ ሰው ጮኸ፤ ማሽኑም ቆመ። ራሳቸውን ስተው ወድቀው ሲነቁ፣ ተንበርክኮ ደግፎ የያዛቸው የሥራ ባልደረባቸው ኦላና ነበር። ክንዳቸው ተረፈ። እሳቸው ከሆስፒታል ሳይወጡ ግን ኦላና ሥራ ለቆ ከአቃቂ ሄደ። ሳያመሰግኑት ቀሩ።

ዘንድሮ ነገሩ ከንክኗቸው ልጃቸውን ሃዊን፣ “ያን ሰው በዚህ ስልክሽ አትፈልጊልኝም?” አሏት።

“የአባቱን ስም ያውቁታል?”

“ኧረ አላውቅም። እኛ ኦላና ጥሩምባ ነበር የምንለው። በፋብሪካው የሙዚቃ ባንድ ውስጥ ይነፋ ነበር።”

ሃዊ ሁለቱን ቃላት ጻፈች። መዓት ገጽ መጣ፤ የሚረባ ግን የለም። በአንዱ ገጽ ኦላና የሚባል ሯጭ ከላይ አለ፤ ጥሩምባው ደግሞ እታች፣ ስለ ዕድር በሚያወራ ሌላ ዜና ውስጥ።

“ቃላቱ አንድ ገጽ ላይ አሉ እንጂ አይተዋወቁም” አለች። “ተቀራርበው ያሉበትን ብቻ እንፈልግ።” ሁለቱን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብታ በመካከላቸው የኮከብ ምልክት አደረገች።

“ኮከቧ ምንድን ናት?”

“እዚህ መሃል የማላውቃቸው ጥቂት ቃላት አሉ ማለት ነው።”

ምንም አልመጣም። ጡሩምባ ብላ ሞከረች፤ ጡሩንባ አለች። “ማን ቃሉን እንዲህ ባዶውን፣ ያለ ቅጥያ ይጽፈዋል?” ብላም “ጥሩምባውን” አለች። አሁንም የለም።

አቶ ሁንዴ ሳቁ። “ኦላና እኮ እንደኔ ሽማግሌ ሆኗል። ማን አንተ ይለዋል? ጥሩምባቸውን በይ እንጂ!”

አንድ ገጽ ብቻ ወጣ፤ አዳማ ያለ የወጣቶች የሙዚቃ ክበብ ገጽ። “መምህራችን አቶ ኦላና የመጀመሪያ ጥሩምባቸውን የነፉት አቃቂ፣ ፋብሪካ ሲሠሩ ነው” ይላል። ከሥሩ የክበቡ ስልክ አለ። ሃዊ ደውላ አስጠራቻቸውና ማን እንደሚፈልጋቸው ነግራ ስልኩን ለአባቷ ሰጠች።

“ሁንዴ! ክንድህ እንዴት ናት?”

“ደህና ናት፤ ዕድሜ ላንተ! ማሽኑን ባታቆምልኝ ኖሮ…”

“እኔ? እኔ የጮኽኩትና ያነሳሁህ ነኝ። ያቆመውማ ፈቀደ ነው፤ ያ ዝምተኛው፣ የጥገናው ልጅ። ኋላ ሳሪስ ሱቅ ከፈተ ሲሉ ሰምቻለሁ።”

አቶ ሁንዴ ሚስማርም ቁልፍም ሲፈልጉ ለዓመታት ሲገዙ የኖሩት ከዚሁ ከፈቀደ ሱቅ ነው።

በማግሥቱ ታክሲ ይዘው ሳሪስ ሄዱ። ፈቀደ ሚስማር እየመዘነ ነበር።

“ያን ጊዜ ማሽኑን ያቆምከው አንተ ነህ?”

ፈቀደ ቀና አለ። “አዎ።”

“ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምነው ሳትነግረኝ?”

“የምታውቅ መስሎኝ። ደግሞስ፣ ሚስማር ልትገዛ መጥተህ ምን ብዬ ልጀምር?”

አቶ ሁንዴ አንገቱን አቅፈው ቆዩ። ሲለቁት ፈቀደ ከባንኮኒው ኋላ በርጩማ አወጣላቸውና ከጎረቤት ካፌ ሁለት ማኪያቶ አዘዘ። ቀለም ሊገዛ የገባውን ሰው፣ “ወንድሜ፣ ትንሽ ቆይተህ ተመለስ፤ እንግዳ አለብኝ” አለው።